ከቧንቧ የሚወርደው ድንጋይ

ድሬዳዋ ወይም መቀሌ ለሚኖር ሰው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት እንግዳ ነገር አይደለም። የሻወሩ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይደፈናሉ፤ የእንፋሎት ካውያው ታጥቦ በደረቀ ሸሚዝ ላይ ነጭ ዱቄት ይተፋል፤ ቦይለሩ መሞቅ ሲጀምር ውስጡ ይንጣጣል። ይህን ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ውሃውን ቆሻሻ ነው ይላል፣ ወይ የገዛውን ዕቃ ይረግማል። እኔ ግን ጥፋቱን የምጥለው በሙቀቱ ላይ ነው። ኖራ የበዛበት ጠጣር ውሃ እስካልሞቀ ድረስ ለቤት ዕቃ ብዙም አደጋ የለውም። ስለዚህ ቤተሰብ ገንዘቡንና ጥንቃቄውን ማዋል ያለበት ውሃ በሚሞቅባቸው ጥቂት ዕቃዎች ላይ ብቻ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመሬት በታች ነው። ዝናብ በአየርና በአፈር ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ይህ ውሃ በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሲሰርግ ድንጋዩን እያሟሟ ይሄዳል። የተሟሟው ካልሲየም ለዓይን አይታይም፤ ውሃው ጥርት ብሎ ይወጣል። ድሬዳዋና መቀሌ ሁለቱም የኖራ ድንጋይ አገር ናቸው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለባቸውም ጥሬ ዕቃው እዚያው ስላለ ነው። ፋብሪካው ቆፍሮ የሚያወጣውን ድንጋይ የጉድጓድ ውሃው በዝግታ አሟሙቶ ወደ ቤት ያደርሰዋል። በአንጻሩ የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦች ውሃቸውን የሚሰበስቡት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ከሚወርድ ጎርፍ ስለሆነ፣ ከእነሱ የሚጠጣ የአዲስ አበባ ሰፈር ይህን ችግር እምብዛም አያውቀውም። የውሃ ጥንካሬ ልክ የሚነገረው በሊትር በሚገኝ ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ በተለመደው አመዳደብ እስከ 60 ያለው ለስላሳ፣ ከ180 በላይ የሆነው ደግሞ በጣም ጠጣር ይባላል።

ስኳርም ሆነ የገበታ ጨው ውሃው ሲሞቅ ይበልጥ ይሟሟል፤ ኖራ ግን ተቃራኒው ነው። ውሃው ሲሞቅ ኖራውን አሟሙቶ የያዘው ጋዝ ይወጣል፤ ድንጋዩ ተመልሶ ድንጋይ ይሆንና ከሁሉ በፊት በጣም በሚግለው ቦታ ላይ ይለጠፋል። በቦይለር ውስጥ ያ ቦታ ራሱ የማሞቂያው ኤለመንት ነው። ኖራ ሙቀት በማስተላለፍ ከመዳብ ከመቶ እጥፍ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ኤለመንቱ ሙቀቱን ለውሃው ማድረስ ሲያቅተው ራሱን ያግላል፤ ውሃው ቶሎ አይሞቅም፤ በመጨረሻ የኤለመንቱ ሽፋን ይሰነጠቅና ቆጣሪው ላይ ያለው ብሬከር ይዘላል። ቀድሞ የሚሰማው መንጣጣት ከቅርፊቱ ሥር ተይዞ የቀረ ውሃ በድንገት እንፋሎት ሲሆን የሚያሰማው ድምፅ ነው። ብዛቱን ለመገመት ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በሊትር 300 ሚሊግራም ያለበትን ውሃ በቀን 50 ሊትር የሚያሞቅ ቤት በየቀኑ 15 ግራም፣ በዓመት ከ5 ኪሎ በላይ ኖራ በቦይለሩ ያሳልፋል። ሁሉም አይጋገርም፤ ምን ያህሉ እንደሚቀር የሚወስነው በዋናነት የሙቀቱ ልክ ነው። ካውያ ከሁሉም ቀድሞ የሚበላሸውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃው በሙሉ ተንኖ ሲያልቅ ኖራው መሄጃ የለውም። በቀዝቃዛ ውሃ የሚያጥብ ማሽን ግን ለዓመታት ደህና ይቆያል፤ ጉዳቱ ያለው ሳሙናው ላይ ነው፣ ካልሲየሙ ከሳሙናው ጋር ተያይዞ አረፋውን ይገድለዋልና።

“ዕቃን እንዲህ የሚያደርግ ውሃ ኩላሊታችንንስ ምን ያደርገዋል?” የሚለው ስጋት ተደጋግሞ ይሰማል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም የሰውነታችን ሙቀት የማንቆርቆሪያ ሙቀት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለመጠጥ ውሃ ጥንካሬ ከጤና አንጻር የወሰነው ጣሪያ የለም። ካልሲየምና ማግኒዚየም ሰውነት የሚፈልጋቸው ማዕድናት ናቸው። ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቀው የስምጥ ሸለቆው ውሃ ነው። በብዙ ጉድጓዶቹ ውስጥ ካልሲየም ጥቂት ስለሆነ በውሃው ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ አስሮ የሚያስቀረው ነገር የለም፤ ውሃው ለስላሳ ሆኖ ማንቆርቆሪያ አይጋግርም፣ የልጆችን ጥርስ ግን ያበልዛል፣ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። ማንቆርቆሪያው ንጹሕ ስለሆነ ብቻ ውሃን ጤናማ ማለት አደገኛ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ባለ ሸክላ ማጣሪያ ደለልና ተህዋስያን ይይዛል እንጂ የተሟሟ ኖራን አይዝም። ማፍላት ከፊሉን ያስቀራል፤ የሚያስቀረው ግን እዚያው ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነው። ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት የሚሸጡም አሉ፤ የተደረጉት ሙከራዎች ወጥ ውጤት ስላላሳዩ ገንዘብ የሚወጣበት አይመስለኝም። ካልሲየሙን በሶዲየም የሚለውጠው ማለስለሻ መሣሪያ በትክክል ይሠራል፤ ነገር ግን ዘወትር ጨው ይፈልጋል፣ የሚጠጣውንም ውሃ ሶዲየም ያበዛበታል። ለሆቴል፣ ለልብስ ማጠቢያ ቤትና ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ የማኪያቶ ማሽን ያዋጣል፤ ለአንድ ቤተሰብ ግን ሰሃን የሚታጠብበትንና አትክልት የሚጠጣውን ውሃ ሁሉ ማለስለስ ብክነት ነው። ይልቅ የቦይለሩን ቴርሞስታት 60 ዲግሪ አካባቢ ላይ ማቆም ይበጃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግግሩ ይፋጠናል፣ በጣም ዝቅ ሲል ደግሞ በሞቀ ውሃ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ዕድል ያገኛሉ። ማንቆርቆሪያውን በቢላ መፋቅ አያስፈልግም። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሎ ወይም ሎሚ ጨምቆ ሞቅ አድርጎ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው፤ ቅርፊቱ አረፋ እየደፈቀ ይለቃል፣ ከዚያ ደጋግሞ ማለቅለቅ። አቼቶ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። ቦይለሩን ደግሞ ኤለመንቱ ከመቃጠሉ በፊት ባለሙያ ከፍቶ እንዲያጸዳው፣ ታንከሩን ከዝገት የሚጠብቀውን የማግኒዚየም ዘንግም አብሮ እንዲያየው ማድረግ ነው።

በየስንት ጊዜው ይጽዳ ለሚለው አንድ መልስ የለም፤ የሚወሰነው በውሃው ልክ ነው፤ ልኩን ደግሞ ነዋሪው አያውቀውም። የውሃ ጥንካሬ በማንኛውም የውሃ ላቦራቶሪ በቀላሉ የሚለካ ነገር ነው። የከተሞቻችን የውሃና ፍሳሽ አገልግሎቶች ይህን አንድ ቁጥር በወርሃዊው ቢል ላይ ቢያትሙልን፣ ሰው ቦይለር ሲገዛም ሆነ ሲያጸዳ በግምት ከመሥራት ይድናል።