የጨዋታ «ማስተር» በአማርኛ ማን ይባል?

እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተሰኘ ጨዋታ አሳተሙ። ተጫዋቾች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ገጸ ባሕርያቸው የሚያደርገውንም በቃል ይናገራሉ። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ገጸ ባሕርይ አይይዝም። እርሱ አገሩን፣ መንገዱንና ዝናቡን ይገልጻል፤ ጠላትንም ነጋዴንም ወክሎ ይናገራል፤ አንድ ድርጊት መሳካቱ ሲያጠራጥር በየፊቱ ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር አስጥሎ ይወስናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ሰው የአማርኛ ስያሜ መፈለግ ነው።

ጉዳዩ ከጨዋታ በላይ የትርጉም ጉዳይ ነው። ጨዋታውን ለሚመሩ ሰዎች ምክር የሚሰጡ የመጽሔት ዓምዶች ከጊዜ ብዛት ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዘርፍ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው «ድራገን» መጽሔት በ1979 የደንብ ጥያቄዎችን የሚመልስ ዓምድ ከፍቷል። ደንብን የሚመለከተው ምክር ለተርጓሚ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ስለ ጠባይ የሚሰጠው ምክር ነው፤ ይኸውም የተጫዋቾች ባላጋራ አትሁን፣ ሁኔታውን አዘጋጅ እንጂ ፍጻሜውን አትወስን፣ ያዩትን ንገራቸው እንጂ የተሰማቸውን አንተ አትናገርላቸው የሚል ነው። ተርጓሚው በስያሜው ከተሳሳተ ይህ ሁሉ ምክር እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል።

እንግሊዝኛው «ጌም ማስተር» ይላል። «ማስተር»ን «ጌታ» ብሎ የተረጎመ ሰው፣ ጌታ የሆነው ሰው ስለምን እንዳይገዛ እንደሚመከር ማስረዳት ይኖርበታል። እንዳለ «ማስተር» ብንለውም በዛሬው የከተማ አነጋገር ቃሉ ቀድሞ የሚያስታውሰው ሁለተኛ ዲግሪን ነው። «ዳኛ» የሚለው መሠረት አለው፤ የ1974ቱ መጻሕፍት ራሳቸው ይህን ሰው በዳኛ ስም ይጠሩት ነበርና። ሆኖም ዳኛ የቀረበለትን ይፈርዳል እንጂ አገር አይፈጥርም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው «ቫምፓየር» ተረት ነጋሪ የሚል ስም መርጧል። ይህን «ባለ ታሪክ» ብሎ የሚያዛውር ተርጓሚ ይጠንቀቅ፤ በአማርኛ ባለ ታሪክ ማለት ታሪኩ የሚነገርለት እንጂ የሚናገረው አይደለም። ጀርመኖችና ፈረንሳዮች የጨዋታ መሪ የሚሉበት ስያሜ አላቸው። «መሪ» ግን ከፊት የሚሄድ ነው፤ ምክሩ ደግሞ ተጫዋቾች ከፊት እንዲሄዱ ይፈልጋል።

ከአገራችን ጨዋታዎች የሚቀርበው እንቆቅልሽ ይመስላል። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይመለሳል፤ ያልተፈታለት ጠያቂ «አገር ስጠኝ» ይላል፤ በቃል ብቻ አገር ይሰጠዋል። ምስጢሩን የያዘ አንድ ሰው መኖሩና በአፍ የሚፈጠር አገር መኖሩ ከላይ ከተገለጸው ጨዋታ ጋር ያመሳስለዋል። ነገር ግን እንቆቅልሽ ጠያቂው ይረታል፤ የእኛ ሰው መርታት አይገባውም። ስለዚህ «ጠያቂ»ም አይሆንም።

ወደ ግሡ እንመለስ። ከ«ተጫወተ» «አጫወተ» ይወጣል፤ ከእርሱም «አጫዋች»። ይህ አመሠራረት ማገዝን ወይም ማገናኘትን ያሳያል፤ አዋላጅን፣ አወያይን፣ አደራዳሪን ያስተውሏል። አዋላጅ ራሷ አትወልድም፤ አወያይም ውይይቱን ለብቻው አይይዝም። ምክር ሰጪዎቹ በገጽ ሙሉ የሚያስረዱት ነገር በአማርኛ በአንድ «አ» እና በአንድ ራብዕ ፊደል ተይዟል። በተጨማሪም «ጨዋታ» ከውድድርም ሆነ ከወግ ጋር የተያያዘ ቃል ነው፤ በንግግር ብቻ ለሚካሄድ ጨዋታ ከዚህ የተሻለ ስም ማግኘት ያስቸግራል።

ስያሜ በአንድ ቋንቋ ጆሮ ብቻ መመዘን የለበትም። በጨፋ ሸለቆ፣ በከሚሴና በአካባቢዋ፣ ልጁ በትምህርት ቤት ኦሮምኛ ይማራል፤ በገበያ አማርኛ ይሰማል። በዚያ የሚሠራ ተርጓሚ ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ማቆም ግዴታው ነው። ኦሮምኛም እንቆቅልሹን «ሂቦ» ይለዋል፤ ጨዋታን «ተጰ»፣ መጫወትን «ተጰቹ»፣ ማጫወትን «ተጰቺሱ» ይላል። ከዚህ «ተጰቺሳ» ያለ ችግር ይገኛል። አማርኛ በቅድመ ቅጥያ የሠራውን ኦሮምኛ በድኅረ ቅጥያ ሠርቶታል፤ ሁለቱም ያለ ትውስት ቃል አንድ ቦታ ደርሰዋል። «ማስተር»ን ተበድሮ በሁለቱም ላይ መጫን ምን ይጠቅማል?

ሸለቆው ሌላም ቃል ያውሰናል። ተጫዋቾች የፈለጉትን ቢመርጡ አስቀድሞ ወደ ተወሰነው ፍጻሜ የሚወሰዱበትን ጥፋት እንግሊዝኛው በባቡር ሐዲድ ይመስለዋል። ሐዲዱን በቀጥታ መተርጎም አያስፈልግም። በበጋ ከብቱ ወደ ቦርከና ዳር ረግረግ ሲወርድ ያየ ሁሉ «መንዳት» ምን እንደሆነ ያውቃል። «አጫዋቹ ተጫዋቾቹን ነዳቸው» ቢባል ወቀሳው ያለ ማብራሪያ ይገባል።

በ«አጫዋች» ላይ የሚነሳ አንድ ተቃውሞ አለ። ቃሉ በቤተ መንግሥትና በድግስ ሰውን የሚያስቅ ሰው ስምም ነው፤ ይህ ክብሩን ይቀንሳል የሚሉ አይጠፉም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ተቃውሞው ቀላል ነው፤ አገባቡ ይለየዋል። ይልቅ የዓምዱ ርእስ ጥንቃቄ ይሻል። «የአጫዋች ምክር» ቢባል መካሪው አጫዋቹ ነው ወይስ ተመካሪው አይለይም፤ «ምክር ለአጫዋቾች» ተብሎ ቢጻፍ ይመረጣል።