ክኒን መዋጥ ይከብዳችኋል? ምላስ ላይ የሚሟሟው እንዴት እንደሚፈተሽ እንንገራችሁ

ክኒን ጉሮሮው ላይ የሚሰነቀርበት ሰው ብዙ ነው፤ ልጆችና አረጋውያንማ ይብስባቸዋል። ለዚህ ነው ፓራሲታሞል በሽሮፕ፣ ውሃ ውስጥ ወይም ምላስ ላይ በሚሟሟ ክኒን ጭምር የሚዘጋጀው።

ግን ለመዋጥ ስለቀለለ ብቻ እኩል ይሠራል ማለት አይደለም። ስለዚህ ይፈተሻል፦

👉 ፍጥነት፦ በአውሮፓ የመድኃኒት መስፈርት ምላስ ላይ የሚሟሟ ክኒን በ3 ደቂቃ ውስጥ መፍረስ አለበት።

👉 ጣዕም፦ ፓራሲታሞል መራራ ነው። ልጁ ከተፋው ምን ዋጋ አለው?

👉 ዋናው ደም ነው፦ ጤነኛ ፈቃደኞች አንድ ቀን የተለመደውን፣ ሌላ ቀን አዲሱን ይወስዳሉ። በየመሃሉ ደማቸው ተቀድቶ የገባው መጠን ይነጻጸራል። ውጤቱ ከ80 እስከ 125 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ካልገባ እኩል ነው አይባልም።

ቤት ውስጥ የጨፈለቃችሁት ክኒን ግን ይህን ፈተና አላለፈም። በተለይ ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራውን ከፈጫችሁት፣ ለሰዓታት የታሰበው መጠን ባንዴ ይለቀቃል።

ደግሞ መልኩ ቢለያይም መድኃኒቱ ያው ነው። ክኒኑንም ሽሮፑንም ደርባችሁ አትውሰዱ፤ ከልክ ያለፈ ፓራሲታሞል ጉበት ይጎዳል።

ከመጨፍለቃችሁ በፊት ፋርማሲስቱን "የሚሟሟ ወይስ ሽሮፕ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ።