ከማን ጋር ተወዳድሮ?

የጥርና የሚያዝያ ሠርግ ሲቃረብ በምሠራበት ፋርማሲ አንድ ጥያቄ ይበዛል፤ «ቦርጭ የሚያጠፋ ነገር አላችሁ?» ጠያቂው ስልኩን አውጥቶ በቴሌግራም የደረሰውን የ«በፊት» እና የ«አሁን» ፎቶ ያሳየኛል፤ ወይም «ዶክተር፣ ጎረቤቴ በዚህ ሻይ ስምንት ኪሎ ቀንሳለች» ይለኛል።

ጎረቤቲቱ ዋሽታለች አልልም። ኪሎዋ በእርግጥ ቀንሶ ይሆናል። የምጠራጠረው ሻዩን ነው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲጀምር እራቱን ያቀላል፣ ለስላሳውን ይተዋል፣ ታክሲ ከመጠበቅ በእግሩ ይሄዳል። ወሩ ሲሞላ ምስጋናውን ሁሉ የሚወስደው ግን ሻዩ ነው።

ይህን ለመለየት ማወዳደሪያ ያስፈልጋል። ጋርሲኒያ ካምቦጂያ ስለተባለው የፍሬ ጭማቂ እንክብል እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ያወጣው ጥናት ጥሩ ማሳያ ነው። 135 ሰዎች ተመሳሳይ ካሎሪው የተቀነሰ ምግብ ታዘዘላቸው። ከፊሉ የጋርሲኒያውን እንክብል፣ ከፊሉ መድኃኒት የሌለበትን አምሳያውን ወሰደ፤ የትኛው ለማን እንደደረሰ ሰጪውም ወሳጁም አያውቅም። ከ12 ሳምንት በኋላ ጋርሲኒያ የወሰዱት በአማካይ 3.2 ኪሎ ቀነሱ፤ ባዶውን የወሰዱት ደግሞ 4.1 ኪሎ። ልዩነቱ ትርጉም ያለው አልነበረም። ሁለተኛው ቡድን ባይኖር ኖሮ ግን 3.2ቷ ኪሎ ዛሬ ማስታወቂያ ላይ በትልቁ ተጽፋ እናያት ነበር።

«ጥናት አለው» መባሉም ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2024 በሊባኖስ 120 ወጣቶች ላይ የተሠራ ጥናት የፖም አቼቶ በ12 ሳምንት ብዙ ኪሎ ይቀንሳል አለ፤ ወሬውም ዓለምን አዳረሰ። በቀጣዩ ዓመት ጥናቱን ያወጣው መጽሔት ሰረዘው፤ ስሌቱ በሌሎች ባለሙያዎች ሲደገም አልመጣም፣ መረጃውም የሚያጠራጥር ነገር ተገኘበት። መሰረዙን የሰማ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም።

የማቅጠኛ ሻይ ሲያመጡልኝ ካርቶኑን አዙሬ በደቃቁ የተጻፈውን አነብባለሁ። ብዙ ጊዜ ሴና የሚል አገኛለሁ፤ የሆድ ድርቀት መድኃኒት ነው። ሴና የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ የምግቡ ካሎሪ ግን ቀድሞ በትንሹ አንጀት ተመጥጦ አልቋል። በማግስቱ ሚዛን ላይ የሚጎድለው ውሃና ሰገራ ነው፤ ስቡ እንዳለ ነው። ለወራት ሲወሰድ ደግሞ የሰውነትን ፖታሲየም ያሳጣል፤ ዲጎክሲን ለሚወስድ የልብ ሕመምተኛ ይህ አደገኛ ነው።

ውጤቱ በጣም ፈጣን ከሆነ ይበልጥ እሰጋለሁ። «ሙሉ በሙሉ ተፈጥሯዊ» ተብለው በሚሸጡ ማቅጠኛዎች ውስጥ ሲቡትራሚን በተደጋጋሚ ተገኝቷል፤ ድንገተኛ የልብ ሕመምንና የስትሮክን አደጋ ስለሚጨምር እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣ መድኃኒት ነው።

ታዲያ የሚሠራ የለም? አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት 1,961 ሰዎች ለ68 ሳምንት ክትትል ተደርጎባቸው ሴማግሉታይድ የተባለውን ክብደት መቀነሻ መርፌ የተወጉት ከክብደታቸው በአማካይ 14.9 በመቶ ቀነሱ፤ ባዶውን መርፌ የተወጉት 2.4 በመቶ። ልዩነት ማለት እንዲህ ነው። ግን ያው ጥናት ማቅለሽለሽና ተቅማጥ እንደሚያስከትል ጽፏል፤ ክትትሉ ሲቀጥልም መርፌውን ባቆሙ በዓመቱ ከቀነሱት ኪሎ ሁለት ሦስተኛው ያህል እንደተመለሰ ታይቷል። ስለዚህ በሐኪም ትዕዛዝና በክትትል እንጂ በጓደኛ ምክር አይጀመርም።

በደንብ የተመረመረ መድኃኒት ጉድለቱም አብሮት ተጽፎ ይመጣል። «ምንም ጉዳት የለውም» የተባለ ዕቃ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛዬ የምነግረውም ይህንኑ ነው፤ ጉዳት ስለሌለው ላይሆን ይችላል፣ የመረመረው ስለሌለ እንጂ።