አንድ ወጥ ግብር፦ እኩል የሚሆነው ምኑ ነው?

እስቲ ከጋይንት እንነሳ። ቤተ ልሔም አካባቢ ሁለት ገበሬዎች አሉ እንበል (ለሒሳቡ ብዬ የፈጠርኳቸው ናቸው)። አንዱ 10 ኩንታል ገብስ አመረተ፣ ሌላው 40። ሁለቱም እንደ ድሮው አሥራት፣ ከአሥር አንድ ከፈሉ። አንዱ 1 ኩንታል፣ ሌላው 4። ከዚህ የቀለለ ግብር ከየት ይመጣል?

ግን እያንዳንዱ ቤት ለዘርና ለቀለብ 8 ኩንታል ያስፈልገዋል እንበል። የመጀመሪያው ሊተርፈው የነበረው 2 ኩንታል ነው፤ ግማሹ ሄደ። የሁለተኛው ትርፍ 32 ነበር፤ የሄደበት አንድ ስምንተኛው ብቻ። ምጣኔው አንድ ዓይነት ነው፣ ሸክሙ ግን አራት እጥፍ ይለያያል።

ወደ ዛሬ ደመወዝ እንምጣ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕግ የወር ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ 35 በመቶ ይደርሳል። 3,000 ብር የሚያገኝ 150 ብር ይከፍላል፤ 10,000 የሚያገኝ 1,650፤ 40,000 የሚያገኝ 11,950። ይህን ሁሉ ትተን «ሁሉም 15 በመቶ» ብንልስ? የመጀመሪያው 450 ይከፍላል፣ የመጨረሻው 6,000።

«እሺ፣ 2,000ውን ነፃ እንተወው» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ኢስቶኒያም እ.ኤ.አ. በ1994 ወጥ ግብር ስትጀምር ነፃ የሚተው ገቢ ነበራት። ድሃው ይድናል፣ የመንግሥት ካዝና ግን ይጎድላል። ጉድለቱን ለመሙላት ምጣኔውን 30 በመቶ እናድርገው። አሁን ባለ 40,000ው 11,400 ይከፍላል፤ አሁንም ቀለለት። ባለ 10,000ው ግን ከ1,650 ወደ 2,400 ዘለለ። እኔ ወጥ ግብርን የምጠራጠረው እዚህ ጋ ነው፤ ሒሳቡ መሀል ያለውን ሰው ይጫነዋል።

ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ምጣኔው አንድ ከሆነ ገቢን በሚስትና በልጅ ስም እየከፋፈሉ ግብር ማሳነስ ብዙም አያዋጣም። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሁሉንም 13 በመቶ አድርጋ ነበር፤ በ2021 ግን ለከፍተኛ ገቢ 15 በመቶ ጨመረች። እኛም ጋ ቢሆን ተጨማሪ እሴት ታክስ ወጥ ነው፣ 15 በመቶ። የድርጅቶች የትርፍ ግብርም 30 በመቶ ነው።

«ቀላል ነው» የሚለው ክርክር ግን ብዙ አያሳምነኝም። ለምን መሰላችሁ? ደረጃዎቹን ማስላት ለስልክ ካልኩሌተር ምንም አይደለም። ከባዱ ገቢውን ማወቅ ነው። በ1960 ዓ.ም. አሥራትን የሚተካ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም አመፀ። ገበሬውን ካስቆጡት ነገሮች ትልቁ መቶኛው አልነበረም፤ ገማቾቹ መሬቴን ይለኩታል፣ ከዚያም ርስቴን አጣለሁ የሚለው ስጋት ነበር።