«ውሃዬን ላጠፋ ሰው ልጄን አልድርም!»

የፍቅር ጥያቄ የማይመጣበት ሳምንት የለም። «ሚስት እንዳለችው ደብቆኝ…»፣ «ቤተሰቦቹ ዘሬን እየቆጠሩ…» የሚል ሞልቷል። የዚህችኛዋ ግን ለየት ይላል።

ልጅቷ የምትኖረው ጎንደር፣ ከከተማው ወረድ ብሎ ወንዝ ዳር ነው። እጮኛዋ ሽማግሌ ላከ። ሦስት አባቶች ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ፤ እንደ ወጉ ጉዳያቸው ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እናትየው አዳመጡና ልጁ የት እንደሚሠራ ጠየቁ። ወንዙ ላይ ካለው አነስተኛ ፋብሪካ መሆኑን ሲሰሙ ነገር ተበላሸ። «ውሃዬን ላጠፋ ሰው ልጄን አልድርም!» ብለው ሽማግሌዎቹን እንደቆሙ መለሷቸው። ልጅቷ አሁን «እናቴን ልስማ ወይስ ልቤን?» ትላለች። የፋብሪካውን ስም ጽፋልናለች፤ የአንድ ወገን ቃል ብቻ ስለሆነ እዚህ አላወጣሁትም።

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ እጮኛሽ። ቱቦውን ወደ ወንዙ የዘረጋው እሱ አይደለም። የቀን ደሞዙን የሚቀበል ልጅ ነው። ስንቱ እኩያው ሥራ አጥቶ በመተማ አድርጎ ወጥቶ እንደቀረ አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ። ሥራውን ቢለቅ በማግስቱ ሌላ ይቀጠርበታል፤ ወንዙ ግን ያው ነው። ስለዚህ «ሥራህን ልቀቅ ወይ እኔን ልቀቅ» የሚለውን ነገር ተይው።

ታዲያ እናትሽ ተሳስተዋል? ኧረ በጭራሽ! ስንት ዘመን ቆስጣና ሰላጣ ሲያጠጡበት የኖሩት ውሃ አረፋ ሲያወጣ፣ የቅጠሉ ጠርዝ ሲያር፣ ገበያ ላይ ደንበኛ አንስቶ አሽትቶ ሲመልሰው ምን ይበሉ?

ጎንደርን የሚያውቅ ቀሃን ያውቃል። ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ የሚሞላው በቀሃ ውሃ ነው፤ ወጣቱ እየዘለለ የሚገባበት ማለት ነው። በምሥራቅ በኩል ደግሞ አንገረብ አለ፤ ግድቡ ከተማውን ሲያጠጣ የኖረ። ሁለቱም ከከተማው በታች ተገናኝተው ወደ መገጭ ይሄዳሉ፤ መገጭም በደምቢያ አድርጎ ጣና ይገባል። እና ጎንደር ላይ የተደፋ ነገር ጠፍቶ አይቀርም፤ ደምቢያ ያለው ገበሬ ደጃፍ ይደርሳል። በ2004 ዓ.ም ገደማ ጣና ላይ የታየው እንቦጭ መጀመሪያ ከተስፋፋባቸው ቦታዎች አንዱ መገጭ የሚገባበት ዳርቻ ነው። እንቦጭ ደግሞ ከከተማና ከእርሻ የሚወርድ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲያገኝ ይፋፋል።

ሁሉም ቆሻሻ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቢራ፣ የብቅል፣ የዘይትና የምግብ ፋብሪካ ፍሳሽ በአብዛኛው መርዝ አይደለም። ግን ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣው ይሞታል፣ ሽታው ይነሳል። የቆዳ ፋብሪካ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ስለሆነ አይበሰብስም፣ ደለሉ ውስጥ ይቀመጣል። ይኼን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ኮምቦልቻ አለች። በ2010 ዓ.ም ገደማ የታተሙ ጥናቶች ወደ ቦርከና በሚገቡት የኮምቦልቻ ወንዞች ላይ ከቆዳ ፋብሪካ የመጣ ከፍተኛ ክሮሚየም ለክተዋል። አዲስ አበባ ደግሞ አቃቂን ታሳየናለች፤ አትክልቱ በዚያ ውሃ ይበቅላል፣ እኛም በጾም በያይነቱ ላይ እንበላዋለን።

ወደ ላይኛው ተፋሰስም ዓይናችንን እናንሳ። አንገረብ ግድብ በደለል የተጎዳው ፋብሪካ ስለደፋበት አይደለም፤ ከላይ ያለው ቁልቁለት ስለተራቆተ ነው። ስለዚህ ተራራው ላይ የሚከፈት የድንጋይ ካባና ጠጠር መፍጫም ለውሃው እንደ ፋብሪካ ይታሰባል። ጭስ የለውም ብለን እንዳንሸወድ!

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። ብዙ ወጣት «እኔ ምን አገባኝ፣ መሬቱ የኔ አይደል፣ አልታመምኩ» ይላል። ሕጉ ግን ያገባሃል ይላል! በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ውስጥ መኖር የሁሉም ሰው መብት ነው። በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ማንም ሰው፣ ልብ በሉ፣ ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በሚበክለው ወይም ሊበክል በሚችለው ላይ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ፈቀደ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ 299 ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ለሕዝብ እንዲታይና አስተያየት እንዲሰጥበት ደነገገ። እንግዲህ ሰፈራችሁ ላይ ቆርቆሮ አጥር ሲታጠር ቀበሌ ሄዶ «ግምገማው የታለ? ልየው» ማለት ድፍረት አይደለም። ግንቡ ካለቀና ሠራተኛው ከተቀጠረ በኋላ ግን፣ እንደ እጮኛሽ ያለው ስንቱ ልጅ መሐል ላይ ይገባል።

ሕግ አለ ማለት ግን ነገሩ ቀላል ነው ማለት አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የመብት ማኅበር በአቃቂ ወንዝ ብክለት ምክንያት ክስ መሥርቶ ነበር። የከሰሰው ፋብሪካዎቹን ሳይሆን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑን ነበርና ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ስለዚህ አቤቱታው ላይ ቱቦው የማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ።

በቃል «ይሸታል» ማለት ዋጋ የለውም። ደብተር ያዙ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የውሃውን መልክ ጻፉ። ሌሊት ይለቀቃል የምትሉ ከሆነ ሌሊቱን መዝግቡ። በስልካችሁ ከቱቦው በላይና በታች፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አንሱ። ናሙና ይወሰድ ስትሉ ወሩን ምረጡ፤ በነሐሴ ወንዙ ሞልቶ ሁሉን ያጥባል፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ውሃው ይቀጥናል፣ የሚደፋው ያው ነው። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አድርጋችሁ አንዱ ላይ መዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን ያስመቱበት፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። እናትሽ፣ አንቺና ጎረቤቶችሽ ፈርሙ። እጮኛሽ አይፈርም፤ እሱን ከሥራ ማባረሪያ አታድርጉት። ቱቦው በየትኛው ሰዓት እንደሚከፈት ግን ማታ ሻይ ላይ ቢያወራሽ ማንም አይሰማውም…

ውሳኔው እስኪመጣ ግን፣ «አፍልተን እንጠጣዋለን» የሚሉ አሉ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ክሮሚየምን አያወጣም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ያከማቸዋል። ለመጠጥና ለልጅ ከቧንቧ ቅዱ፤ ጥሬ የሚበላውን ሰላጣ ትታችሁ በዚያ ማሳ ላይ የሚቀቀለውን ወይም የማይበላውን፣ ለምሳሌ የከብት ሣር፣ አብቅሉ። ሣሩንም ቢሆን ከቆዳ ፋብሪካ በታች ከሆናችሁ ተዉት።