ምስጢርና ተላላፊ በሽታ በአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል

የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ከጠቅላላ ሆስፒታል የሚለይባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ለዚህ ምዕራፍ ግን ሁለቱ ይበቃሉ። አንደኛው፣ እዚያ የተኙ ሰዎች አልጋ ላይ አይውሉም። አብረው ይበላሉ፣ በቡድን ተቀምጠው ይነጋገራሉ፣ በአንድ ስልክ ይደውላሉ፣ አንድ ቴሌቪዥን ያያሉ። ሁለተኛው፣ እዚያ መተኛታቸው ራሱ ምስጢር ነው። እግሩ ተሰብሮ የተኛ ሰው ዘመድ ወዳጅ መጥቶ እንዲጠይቀው ይፈልጋል፤ በአእምሮ ሕመም የተኛው ግን ብዙ ጊዜ መግባቱም እንዳይሰማበት ይሻል። የኢንፌክሽን ቁጥጥሩ አስቸጋሪነት ከመጀመሪያው፣ የምስጢር አጠባበቁ ጥብቅነት ከሁለተኛው ይመነጫል። ምዕራፉ ሁለቱ ጉዳዮች በአሜሪካ እንዴት እንደሚያዙ ያሳያል፤ በዚያ አገር ሕጉ በዝርዝር የተጻፈ፣ ተቆጣጣሪውም የታወቀ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዋናው የምስጢር ሕግ በተለምዶ ሂፓ የሚባለው የ1996 የፌዴራል ሕግ ነው። የታካሚን ምስጢር የሚመለከተው ደንቡ በሆስፒታሎች ላይ የጸናው በ2003 ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ሐኪሞችና ነርሶች ለሕክምናው ሲሉ መረጃ ይለዋወጣሉ፤ ሒሳብ ክፍሉም ኢንሹራንሱ የሚጠይቀውን ያህል ያያል። ከዚያ አልፎ ማንም ሠራተኛ ሥራው የማይጠይቀውን መዝገብ መክፈት አይችልም። የጎረቤቱን መተኛት ሰምቶ ለማየት ብቻ መዝገቡን የከፈተ ሠራተኛ፣ ያየውን ለማንም ባይተነፍስ እንኳ ሕጉን ጥሷል። ኮምፒውተሩ የማን መዝገብ በማን እጅ፣ መቼ እንደተከፈተ ስለሚይዝ ጥፋቱ ተደብቆ አይቀርም።

የአእምሮ ሕክምና በዚህ ላይ ተጨማሪ ጥበቃ አለው። ቴራፒስቱ ከታካሚው ጋር የተነጋገረውን እየመዘነ የሚጽፈው ማስታወሻ ከመደበኛው መዝገብ ተለይቶ ከተቀመጠ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ያለ ታካሚው የጽሑፍ ፈቃድ ለሌላ አይተላለፍም። የሚወሰደው መድኃኒት፣ የበሽታው ስምና የቀጠሮው ሰዓት ግን በዚህ ጥበቃ ውስጥ አይገቡም፤ ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል። በአልኮልና በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ለሚታከሙ ሰዎች ደግሞ ከሂፓ በፊት፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጡ የተለዩ ሕጎች አሉ። መዝገቡ ፖሊስ እጅ የሚገባ ቢሆን ኖሮ የሕክምናው ደጃፍ የእስር ቤት ደጃፍ በሆነ ነበር፤ ያን የሚፈራ ሱሰኛም ለመታከም አይመጣም። ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡት ይህንን ነው።

የሕጉ ሥራ በዕለት ተዕለት ኑሮ ጎልቶ የሚታየው በስልክ ላይ ነው። አንድ ሰው ደውሎ «እገሌ እናንተ ዘንድ ተኝቷል ወይ?» ቢል፣ በአብዛኞቹ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሎች ስልክ ያነሣችው ነርስ አለም የለም አትልም። ብዙ ሆስፒታሎች ለታካሚው የምስጢር ቁጥር ይሰጡታል፤ እሱም ለሚያምናቸው ሰዎች ብቻ ያቀብለዋል፤ ቁጥሩን የማያውቅ ደዋይ መልስ አያገኝም። ልጇ የጠፋባት እናት ይህን ስትሰማ እንደ ጭካኔ ትቆጥረዋለች፤ መቁጠሯም አይፈረድበትም። ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር ግን አለ፦ ሕጉ የሚገድበው የሆስፒታሉን መናገር ነው፤ መስማትን አይከለክልም። እናትየዋ ልጇ ምን መድኃኒት አቋርጦ እንደነበር፣ ምን ሲል እንደሰነበተ፣ ለምን መድኃኒት አለርጂ እንዳለበት ብትናገር ነርሷ ልትቀበላት ትችላለች።

ሕጉ የማይደርስበት ቦታም አለ። በቡድን ምክክር ላይ የተቀመጡት ሌሎች ታካሚዎች በሂፓ አይገደዱም። ሆስፒታሎች ምስጢር ለመጠበቅ ቃል ያስገቧቸዋል፤ ካሜራ ያለውን ስልክ በር ላይ የሚያስቀሩትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከዚህ አልፎ የሚያስተማምን ነገር የለም።

ምስጢር መጠበቅ ራሱም ወሰን አለው። በ1969 ታቲያና ታራሶፍ የተባለች ወጣት በካሊፎርኒያ ተገደለች፤ ገዳዩ ሊገድላት እንዳሰበ ለቴራፒስቱ ቀድሞ ተናግሮ ነበር። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በሰጠው ውሳኔ፣ ታካሚው በሌላ ሰው ላይ ከባድ አደጋ እንደሚያደርስ የተረዳ ቴራፒስት ያን ሰው ከጉዳት ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ እንዳለበት አረጋገጠ። ሌሎች ግዛቶችም በየራሳቸው መንገድ ተከትለዋል፤ ድንጋጌያቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

ወደ ኢንፌክሽን ስንመጣ፣ ዝግ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ምን ያህል ተጋላጭ እንደሆነ ያሳየችው ደቡብ ኮሪያ ናት። በፌብሩዋሪ 2020 በቾንግዶ ዴናም ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ከነበሩት ታካሚዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በኮቪድ-19 ተያዙ። በአገሪቱ በዚህ በሽታ የመጀመሪያው ሟችም ለረጅም ዓመታት እዚያው ተኝተው የነበሩ ሰው ናቸው። አብሮ መኖሩና የአየር ዝውውር እጥረቱ ቫይረሱን ያለ ተከላካይ አስፋፉት።

መከላከያው ቀላል ይመስላል፦ እጅ መታጠብ። የሚያሳዝነው፣ የእጅ መታጠብን ጥቅም በ1847 በቪየና ያሳየው ኢግናዝ ሰመልቫይስ በ1865 የሞተው በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ነበር፤ የገደለውም ያመረቀዘ ቁስል ነው። በሌላው ሆስፒታል በየበሩ ላይ የሚሰቀለው የአልኮል ማጽጃ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ራሱ አደጋ ነው። ውጤታማ እንዲሆን ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይገባል፤ ይህ ማለት ሱስ ያሸነፈው ታካሚ ሊጠጣው ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ነርሶቹ ትንሿን ጠርሙስ ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይዞራሉ። የቆሻሻ መጣያው የፕላስቲክ ከረጢት መታፈኛ፣ የማስክ ማሰሪያና የጓንት ሳጥን ራስን መጉጃ ሊሆኑ ስለሚችሉ ለታካሚ ክፍት በሆነ ቦታ አይቀመጡም። ከኢንፌክሽን የሚያድነው ዕቃ ራስን ለማጥፋት እንዳያገለግል መጠንቀቅ በጠቅላላ ሆስፒታል ይህን ያህል የማያሳስብ፣ እዚህ ግን የየዕለት ሥራ ነው።

በእነዚህ ክፍሎች በተደጋጋሚ የሚያስቸግሩት እከክ፣ ቅማል፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣው ኖሮቫይረስ ናቸው። ኖሮቫይረስን አልኮል በሚገባ አይገድለውም፤ ሳሙናና የቧንቧ ውሃ፣ ለወለልና ለመጸዳጃ ደግሞ በረኪና ያስፈልጋል። የታመመ ሠራተኛም ምልክቱ ከቆመ 48 ሰዓት ሳይሞላው ወደ ሥራ አይመለስም። ሌላ ቦታ ሁለት ቀን አሳምሞ የሚለቀው ተቅማጥ እዚህ የሚያስፈራበት ምክንያት መድኃኒቱ ነው። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ሰውነቱ ውሃ ሲያጣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ተከማችቶ ሊመርዘው ይችላል። ክሎዛፒን የሚወስደው ደግሞ፣ አልፎ አልፎ መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴሎችን በብርቱ ስለሚቀንስ፣ ትኩሳት ሲይዘው ደሙ ሳይመረመር ማደር የለበትም።

የታመመውን ለይቶ ማስቀመጥም እዚህ የራሱ ሕግ አለው። የፌዴራል ደንብ ታካሚን ለብቻው ክፍል ውስጥ አስገድዶ መዝጋትን የሚፈቅደው በሌላው ወይም በራሱ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ሲል ብቻ ነው፤ ትእዛዙም ለአዋቂ ከ4 ሰዓት፣ ከ9 እስከ 17 ዓመት ላለ 2 ሰዓት፣ ከዚያ በታች ላለ ሕፃን 1 ሰዓት አይበልጥም፤ ሊታደስ የሚችለውም እስከ 24 ሰዓት ነው። ጉንፋን የያዘውን ሰው በዚህ መንገድ መቆለፍ አይቻልም። ያለው አማራጭ ነጠላ ክፍል ሰጥቶ ማስረዳት፣ ምግቡን ማምጣት፣ ከቴራፒስቱ ጋር ለብቻው ማገናኘት ነው። ሳንባ ነቀርሳ የተጠረጠረበት ሰው አየሩ ተለይቶ የሚወጣበት ክፍል ስለሚያስፈልገው፣ እንዲህ ያለ ክፍል በሌለበት ወደ ጠቅላላ ሆስፒታል ይዛወራል።

ሁለቱ ግዴታዎች የሚጋጩ የሚመስሉት እዚህ ላይ ነው። በሽታውን ለመከላከል የታመመው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት የሚል ሐሳብ አለ፤ ምስጢር ደግሞ አይነገር ይላል። መፍትሔው ቀድሞ ተገኝቷል። ኤችአይቪ ከተከሰተ በኋላ የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል የማንኛውም ሰው ደም ተላላፊ በሽታ እንዳለበት ተቆጥሮ በጓንት ይያዝ የሚል መመሪያ በ1980ዎቹ አወጣ፤ በ1996ም አስፋፍቶ ለሁሉም ታካሚ የሚሠራ መደበኛ ጥንቃቄ አደረገው። ሁሉም በእኩል ጥንቃቄ ከታከመ ለደም ንክኪ ሲባል የማንንም ኤችአይቪ ወይም ሄፓታይተስ መግለጽ አያስፈልግም። ተጨማሪ ጥንቃቄ ሲያስፈልግም በሩ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ «ማስክና ጓንት ያድርጉ» ይላል እንጂ የበሽታውን ስም አይጠራም። አብሮት ያደረው ታካሚም «ለበሽታ ተጋልጠሃል፣ ትመረመራለህ» ይባላል፤ ከማን እንደሆነ አይነገረውም። ሃያ ሰው በሚኖርበት ክፍል ውስጥ ሁሉም መገመቱ አይቀርም፤ ሆኖም ግምት የሆስፒታሉ ቃል አይደለም። ለጤና ጥበቃ ባለሥልጣን ሪፖርት መደረግ ያለባቸውን እንደ ኩፍኝና ሳንባ ነቀርሳ ያሉ በሽታዎች ማሳወቅን ሂፓ ያለ ታካሚው ፈቃድ ይፈቅዳል።

በዋሽንግተን አካባቢ ላሉ አማርኛ ተናጋሪዎች አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። በፌዴራል ገንዘብ የሚረዳ ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፤ ታካሚው አስተርጓሚ ይዞ እንዲመጣ ማስገደድ፣ ከድንገተኛ አደጋ በቀርም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይፈቀድም። ማኅበረሰቡ ጠባብ በመሆኑ የቀረበው አስተርጓሚ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚያውቁት ሰው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ታካሚው በስልክ ከሌላ ግዛት የሚያስተረጉም ሰው እንዲመደብለት ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ምስጢሩ የወጣበት ሰው በሂፓ መሠረት ሆስፒታሉን በቀጥታ መክሰስ አይችልም። በ180 ቀናት ውስጥ ለፌዴራል ጤና ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ አቤቱታ ያቀርባል፤ አቤት በማለቱም ሆስፒታሉ ሊበቀለው አይፈቀድለትም። በንጽሕናና በኢንፌክሽን ቁጥጥር ጉድለት ላይ ያለ አቤቱታ ደግሞ የሚቀርበው ለግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት ነው።