«ጉሉኮስ» ሁሉ አንድ አይደለም

በሮቤም ሆነ በጎባ፥ በመላው የባሌ ደጋ፥ አንድ ሕፃን በተቅማጥና በትውከት ሲዳከም ወላጆቹ «ጉሉኮስ ይሰቀልለት!» ብለው ይለምናሉ። በሕዝባችን ዘንድ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሁሉ ስሙ ጉሉኮስ ነውና። ነገር ግን፥ ውድ አንባቢ ሆይ፥ ፈሳሾቹ በመልክ ቢመሳሰሉም ሥራቸው ለየቅል ነው።

ተቅማጥ ከሰውነት የሚያወጣው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ሶዲየምና ፖታሲየም የተባሉትን ማዕድናት፥ ደግሞም የደምን አሲድ የሚያበርደውን ባይካርቦኔት ጭምር ነው። እንግዲህ ስኳርና ውሃ ብቻ ያለበት ፈሳሽ ቢሰጥ፥ ስኳሩን ሰውነት ወዲያው ያቃጥለዋል፤ የቀረውም ውሃ አብዛኛው ከደም ሥር ወጥቶ ይሠራጫል። በዚህም የደሙ ጉድለት ሳይሞላ ጨዉ ይብሱን ይቀጥናል።

ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት የሚያስቀድመው ሪንገር ላክቴት የተባለውን ነው። ይኸውም ሶዲየም፥ ፖታሲየምና ካልሲየም ስላለበት፥ ላክቴቱም በጉበት ውስጥ ወደ ባይካርቦኔት ስለሚለወጥ ነው። እርሱ ከታጣ ኖርማል ሳላይን ይተካዋል፤ ይህ ግን የጨው ውሃ ብቻ በመሆኑ ፖታሲየም የለውም።

መጠኑስ? ድርቀቱ ለጸናበት ልጅ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 100 ሚሊ ሊትር ነው። ዓመት የሞላው፥ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በመጀመሪያው 30 ደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር፥ በሚቀጥለው 2 ሰዓት ተኩል 700 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። ዓመት ላልሞላው ዝግ ተብሎ በ6 ሰዓት ይፈጸማል። በምግብ እጦት ክፉኛ ለከሳ ልጅ ግን ይህ ሁሉ ፈሳሽ ልቡን ስለሚያስጨንቀው ሐኪሙ ሌላ ሥርዐት ይከተላል።

መርፌው የሚያስፈልገው ልጁ ሲፈዝ፥ ዐይኑ ሲሰረጉድ፥ መጠጣት ሲያቅተው፥ የሆዱም ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ አልመለስ ሲል ነው። መጠጣት ለሚችለው አብዛኛውን ጊዜ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለው ዱቄት፥ በከረጢቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ይበቃዋል።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን በሐረና ቡሉቅ ወረዳ ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። እንዲህ ያለ በሽታ በገባበት ገጠር፥ ልጁ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ በመንገድ ላይ በማንኪያ የሚሰጠው ይህ መጠጥ ነፍስ ያቆያል።

ስለዚህ ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ወደየቤታችን ስንመለስ ለእናቶቻችን ይህን እንንገራቸው፦ ልጁ መጠጣት እስከቻለ ድረስ ያጠጡት፤ መጠጣት ካቃተው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይውሰዱት፤ የፈሳሹን ምርጫ ግን ለሐኪሙ ይተዉለት።